ጎበዝ፣ ብልህ፣ ብልጥ፣ አዋቂ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

እስቲ ሦስት ልጆችን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ሦስቱም የሚኖሩት ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነው እንበል። የመጀመሪያዋ የመማሪያ መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች፤ ፈተና ሲመጣ አትደነግጥም። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ መካከለኛ ነው፤ ግን የተበላሸ ሬዲዮ ስጡት፣ ማንም ሳያሳየው ፈታቶ ችግሩን ያገኘዋል። ሦስተኛዋ ደግሞ ሁለት ጓደኞቿ ሲጣሉ መሃል ትገባና ማንንም ሳታስቀይም ታስታርቃለች።

ጥያቄው ይኸውላችሁ፦ ከሦስቱ «ጭንቅላት ያለው» የትኛው ነው?

ብዙ ሰው ሳያመነታ «የመጀመሪያዋ ናታ!» ይላል። ለምን? ውጤቷ በቁጥር ይታያላ። የሌሎቹ ግን ካርድ ላይ አይጻፍም። ሆኖም ስለ ሦስቱ ስናወራ የምንጠቀማቸውን ቃላት ልብ ብላችሁ ብትሰሙ፣ ቋንቋችን ከካርዱ የበለጠ ጠንቃቃ ነው። የመጀመሪያዋን «ጎበዝ» ወይም «ቀለሜ»፣ ሁለተኛውን «ብልሃተኛ»፣ ሦስተኛዋን «አስተዋይ» እንላለን። ሦስት ልጆች፣ ሦስት ቃላት። ታዲያ እነዚህ ቃላት አንድን ነገር በተለያየ ስም የሚጠሩ ናቸው ወይስ በእርግጥም የተለያዩ ነገሮች ናቸው? የሥነ ልቦና ሳይንስ ከመቶ ዓመት በላይ የተከራከረበት ጥያቄ ይህ ነው።

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሦስት የአማርኛ ትርጉም

በእንግሊዝኛው «ኢንተለጀንስ» እንጀምር። ቃሉ የመጣው «መረዳት፣ ለይቶ ማወቅ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን አንድ ቤት አላገኘም።

«ብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት» የሚለውን ስም ሰምታችኋል። እዚያ ላይ «ኢንተለጀንስ» የተተረጎመው «መረጃ» ተብሎ ነው። «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» ሲሆን ደግሞ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» እንላለን። የሥነ ልቦና መምህራን ስለ ሰው ችሎታ ሲያስተምሩ አንዳንዴ «የማሰብ ችሎታ»፣ አንዳንዴ «ብልህነት» ይሉታል። መረጃ፣ አስተውሎት፣ ብልህነት፦ በአማርኛ ሦስቱ በፍጹም አይምታቱም። መረጃ የሰበሰበ ሁሉ አስተዋይ አይደለም፤ አስተዋይ የሆነ ሁሉም ብዙ መረጃ የለውም።

ስለዚህ አንድ ሰው «ኢንተለጀንስን እንለካለን» ሲል፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛውን?» ተብሎ ነው።

ቃላቱን እንፍታቸው

የቃላት ሥር ብዙ ነገር ይናገራል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ብልህ» ከግዕዙ «በልሐ» ጋር ይዛመዳል፤ ትርጉሙ «ስለታም ሆነ» ነው። ብልህ ማለት እንግዲህ እንደ ተሳለ ቢላ ነው፤ ችግሩን ቆርጦ የሚገባ። «ብልሃት» ደግሞ ያ ስለት የሚያገኘው መንገድ፣ ዘዴው ነው።

«ብልጥ» በጆሮ ሲሰማ የብልህ ወንድም ይመስላል፤ ግን ከ«በለጠ» ጋር ነው የሚሄደው። ብልጥ ሰው ሌላውን መብለጥ ይፈልጋል። ሁለቱም ፈጣን አሳቢዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ልዩነቱ ያለው ሐሳባቸው ወዴት ያመራል የሚለው ላይ ነው። ብልህ ሰው ተጣማጁን ሳይጎዳ መውጫ ይፈልጋል፤ ብልጥ ሰው ለራሱ ትርፍ ይፈልጋል። «ብልጣብልጥ» ሲባል ደግሞ ስድብ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የከተማው «አራዳ» በሁለቱ መካከል የሚወዛወዝ ቃል ነው፤ እንደ ተናጋሪው ፊት ሙገሳም ሽሙጥም ይሆናል።

«እውቀት» ያከማቸነው ነገር ነው። «አዋቂ» የሚለውን ግን ተመልከቱት፤ በአንድ ቃል ሦስት ሰው! የተማረ ሰው አዋቂ ነው፤ ዕድሜው የደረሰ ሰው አዋቂ ነው (ፊልም ላይ «ለአዋቂዎች ብቻ» ይባል የለ?)፤ የተሰወረውን እነግራለሁ የሚለው ጠንቋይም «አዋቂ» ይባላል። ስለዚህ «አዋቂ ነው» ስትባሉ «የትኛው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

«አእምሮ» የግዕዝ ቃል ነው፤ «አእመረ» ማለት «ዐወቀ» ነው። ድሮ «ዕውቀት» የነበረው ዛሬ የዕውቀቱ ማደሪያ ሆኗል።

«ማስተዋል» ደግሞ ቆም ብሎ ልብ ማለት ነው። ብልህነት ፍጥነት አለው፤ ማስተዋል ግን ፍሬን አለው። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

«ጎበዝ» ታሪኩ ያስገርማል። «የጎበዝ አለቃ» የሚለውን አስቡ፤ የጦር ሰው ነው፣ ደፋር። ዛሬ በትምህርት ቤት «ጎበዝ!» ስንል ለሒሳብ ውጤት ነው። ጦሩ ወደ እስክሪብቶ ተለወጠ ማለት ነው። «ቀለሜ» ደግሞ ከቀለም፣ ማለትም ከተጻፈው ትምህርት ጋር ያለ ወዳጅነት ነው። «ሸምዳጅ» ግን ሌላ ነው፤ ቃሉን ይዞ ትርጉሙን የጣለ።

በመጨረሻ «ጥበብ»። ጠቢብ የምንለው እንደ ንጉሥ ሰሎሞን ያለውን ነው። ግን በሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ያለው ጌጥም «ጥበብ» ነው፤ የእጅ ሙያም ጥበብ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ታሪክ አለ። «ጠይብ» የሚለው ቃል የመጣው ከ«ጠቢብ» ነው። ብረት የሚቀጠቅጡትን፣ ሸክላ የሚሠሩትን ሰዎች መጥሪያ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን መናቂያና መግፊያ ሆነ። ማረሻችንን የሠራውን፣ እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችውን ሰው በጥበብ ስም ሰደብናቸው! ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያዎችን በሥራቸው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ቃላት ንጹሕ አይደሉም ማለት ይህ ነው። ማንን «ብልህ» እንደምንል የሚወስነው የአእምሮ ሥራ ብቻ ሳይሆን ማንን እንደምናከብርም ጭምር ነው።

ነቀምቴና ቃል ሰብሳቢዋ አስቴር ገኖ

ነቀምቴ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ደግሞ ሌላ ሀብት አለው፤ በአፋን ኦሮሞም ያስባል። የሰፈሩ ስም ራሱ አፋን ኦሮሞ ነው፤ «ቡርቃ» ማለት ምንጭ ነው። በዚህ ቋንቋ «ቤኩምሳ» እውቀት ነው፤ «ሁበንኖ» መረዳትና ማስተዋል ነው፤ «ኦጉማ» የሙያ ጥበብ ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የምታገኙት የጤና ባለሙያ «ኦጌሳ ፈያ» የሚባለው ከዚሁ ነው። «ገምና» ከሞኝ ተቃራኒ የቆመው ብልህ ሰው ነው። «ቀሮ» ደግሞ ልዩ ነው፤ ንቁና ብሩህ ሰውን ይገልጻል፣ የዓይን ብሌንም «ቀሮ» ይባላል። የግዕዙ ብልህ በስለት ሲመሰል፣ ይኼኛው በማየት ተመሰለ ማለት ነው።

እነዚህን ቃላት በጽሑፍ ለማኖር ብዙ ከደከሙት ሰዎች አንዷ ነቀምቴ ላይ አስተምራለች፤ አስቴር ገኖ ትባላለች። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1872 አካባቢ ነው። በልጅነቷ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ለባርነት ተዳረገች። እ.ኤ.አ. በ1886 በቀይ ባሕር ላይ ለሽያጭ ወደ ዓረብ ምድር ስትወሰድ፣ የጣሊያን መርከቦች የተጫነችበትን ጀልባ ያዙትና ነጻ ወጣች። ምጽዋ አጠገብ ባለው የእምኩሉ ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብና መጻፍ ተማረች። እዚያ አብሯት የሠራው ኦነሲሞስ ነሲብ ነበር፤ እሱም በልጅነቱ ከባርነት የወጣ ነው። ኦነሲሞስ የአስቴርን የቋንቋ ስሜት ቶሎ አወቀው፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀቱ ሥራ ለእሷ ተሰጠ። ወደ 500 የሚጠጉ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችንም ጻፈች፤ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ መጡ። አስቴር በነቀምቴ መምህርት ሆነች።

አሁን አስቡት። ይህች ልጅ እምኩሉ ስትደርስ የትምህርት ቤት ፈተና ቢሰጧት ኖሮ ምን ታመጣ ነበር? ዜሮ! ፊደል አታውቅማ። ግን ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ነበር፤ ማንም ያልጻፈው ቤተ መጻሕፍት። ፈተናው የሚያየው የሌላትን እንጂ ያላትን አይደለም።

የሰበሰበቻቸው እንቆቅልሾችም ራሳቸው የድሮ «ፈተና» ናቸው። በአማርኛ «እንቆቅልህ!» ሲባል «ምን አውቅልህ!» ተብሎ ይመለሳል፤ በአፋን ኦሮሞ ጨዋታው «ሂቦ» ነው። እንቆቅልሽ ለመፍታት እውቀት ብቻውን አይበቃም። ላሟን፣ እሳቱን፣ ምጣዱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ግን ከለመዱት አቅጣጫ ወጥቶ በሌላ ዓይን ማየትም ያስፈልጋል። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፤ ሳይንስም ይህን ለይቶታል።

ሳይንስ ምን ለካ?

አስቴር ወለጋ በደረሰችበት በዚያው በ1904 እ.ኤ.አ.፣ ቻርልስ ስፒርማን የተባለ እንግሊዛዊ አንድ ታዋቂ ጥናት አሳተመ። ያየው ነገር ይህ ነው፦ በአንድ የትምህርት ዓይነት ጥሩ የሆኑ ልጆች በሌላውም ጥሩ የመሆን ዝንባሌ አላቸው። ከዚህ ተነሥቶ ከሁሉም ችሎታዎች በስተጀርባ አንድ የጋራ «አጠቃላይ ችሎታ» አለ አለ። ይህ ግኝት ዛሬም ድረስ በተደጋጋሚ ይታያል፤ ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የብልህነት ፈተና አወጡ። ዓላማቸው ልጆችን ደረጃ ለማውጣት አልነበረም። በመደበኛው ትምህርት ወደ ኋላ የሚቀሩትንና ተጨማሪ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ነበር። ቢኔ ራሱ ብልህነት የማይለወጥ ነገር ነው የሚሉትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በኋላ ነው «አይኪው» የሚባለው ቁጥር የመጣው። ዛሬ አማካዩ 100 እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል፤ ከመቶ ሰው 68 ያህሉ በ85 እና በ115 መካከል ይወድቃል።

ከዚያ ሬይመንድ ካተል የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ አጠቃላዩን ችሎታ ለሁለት ከፈለው። አንደኛው ፈሳሽ ብልህነት ነው፤ ከዚህ በፊት አይታችሁት የማታውቁትን ችግር የምትፈቱበት። ሁለተኛው የረጋ ብልህነት ነው፤ በትምህርትና በኑሮ ያጠራቀማችሁት። ወተትና እርጎ ብላችሁ ያዙት። ፈሳሹ በወጣትነት ከፍ ብሎ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ የረጋው ግን ሰው እየበሰለ ሲሄድ ለብዙ ዓመታት ማደጉን ይቀጥላል። አዲስ ስልክ ስትገዙ አባታችሁ «እስቲ አሳየኝ» ይሏችኋል፤ መሬት ሲገዛ ወይም ጠብ ሲነሣ ደግሞ እናንተ ወደ እሳቸው ትሮጣላችሁ። ሁለቱም ልክ ነው።

በአማርኛችን ብንለውስ? ፈሳሹ ወደ «ብልህነት» ይቀርባል፣ የረጋው ወደ «እውቀት»።

ሞኝ ቢሆን እንዴት ያደርገው ነበር?

ግን ፈተናውን ያወጣው ሰው «ብልህነት» የሚለው ነገር ተፈታኙ ከሚለው ጋር አንድ ነው ወይ? ምዕራብ አፍሪካ፣ ላይቤሪያ ውስጥ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ማይክል ኮልና ጆሴፍ ግሊክ የተባሉ ተመራማሪዎች ለክፔሌ ገበሬዎች ሃያ ዕቃዎች አቀረቡላቸው፤ ምግብ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ልብስ፣ የዕቃ መያዣ። «የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ» አሏቸው። ተመራማሪዎቹ የጠበቁት ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ ጋር ነው። ገበሬዎቹ ግን ቢላውን ከብርቱካኑ ጋር አስቀመጡት፤ ብርቱካን በቢላ ነው የሚቆረጠው! ብልህ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉ። በመጨረሻ ተመራማሪው «ሞኝ ቢሆን እንዴት ያደርገው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ወዲያው ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ አድርገው በአራት ክምር ደረደሩለት። ልክ ፈተናው «ትክክል» እንደሚለው!

ችሎታው ነበራቸው ማለት ነው። የጎደለው ችሎታ ሳይሆን የቃሉ ስምምነት ነው።

ወደ እኛ ቀረብ እንበል። በምዕራብ ኬንያ የሚኖሩት ሉኦዎች ቋንቋቸው ከጋምቤላ አኙዋክ ቋንቋ ጋር ይዛመዳል። ኤሌና ግሪጎሬንኮ፣ ሮበርት ስተርንበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ሉኦዎች ስለ ብልህ ልጅ ሲናገሩ አራት ቃላት እንደሚጠቀሙ አሳዩ። «ሪዬኮ» እውቀትና ችሎታ ነው፤ «ሉኦሮ» አክብሮትና ጨዋነት፤ «ዊንጆ» የኑሮን ችግር እንዴት እንደሚይዙት መረዳት፤ «ፓሮ» ራስ ተነሣሽነት። ከአራቱ ከትምህርት ቤት ውጤት ጋር የተያያዘው አንዱ፣ ሪዬኮ ብቻ ነበር። ሌሎቹን ሦስቱን ትምህርት ቤቱ አያያቸውም።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው አካባቢ ሌላም ነገር አገኙ። ልጆቹ ለተለያየ ሕመም የሚሆኑ የአገር ቤት ዕፀዋትን ምን ያህል እንደሚያውቁ ፈተኗቸው። ዕፀዋቱን ይበልጥ የሚያውቁት ልጆች በትምህርት ቤቱ የቃላት ፈተና ዝቅ የማለት ዝንባሌ ነበራቸው። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ቀናቸውን የሚያሳልፉት ሌላ ትምህርት እየተማሩ ስለሆነ ነው።

ከዚህ ወደ ወለጋ ዞር በሉና የቡና ለቃሚዋን አስቡ። የለቀምት ቡና በዓለም ገበያ በስሙ የሚታወቅ ነው። የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው በዓይን ጥቅሻ የሚለየው ሰው «ኦጉማ» አለው። ግን «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» ብትሏት «ኧረ እኔ ምንም አልተማርኩ» ነው የምትላችሁ። ቃሉ ከእጇ ላይ ተወስዶባታል።

የማስተዋል ፈተና

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ቶሎ መልሱ፦ ደብተርና እስክሪብቶ አንድ ላይ 110 ብር ናቸው። ደብተሩ ከእስክሪብቶው በ100 ብር ይበልጣል። እስክሪብቶው ስንት ብር ነው?

«10 ብር» ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ግን እስክሪብቶው 10 ከሆነ ደብተሩ 110 ነው፤ ድምሩ 120 ሊሆን ነው። መልሱ 5 ብር ነው። ደብተሩ 105፣ እስክሪብቶው 5።

ይህን ዓይነት ጥያቄ ያዘጋጀው ሼን ፍሬደሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተመው። ሦስት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን ሲያቀርብ፣ በዓለም ከታወቁት አንዱ በሆነው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ውስጥ እንኳ ሦስቱንም በትክክል የመለሱት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ሒሳቡ አስቸግሯቸው አይደለም። ፈጣኑ መልስ ቀድሞ አፋቸው ላይ ስለሚመጣ ነው። የሚያስፈልገው ያንን መልስ «ቆይ እስቲ» ብሎ ማቆም ነው። ይሄ ነው እንግዲህ ማስተዋል። ስለታም ጭንቅላት ያለው ሰው ፍሬን ላይኖረው ይችላል።

የሰሎሞን እንቆቅልሽ

ጥበብስ? ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ይጠቅመናል። ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች «የፍቅር ጓደኛህ ከድታሃለች እንበል» አሏቸው፤ ለሌሎቹ «ይህ የደረሰው በቅርብ ጓደኛህ ላይ ነው» አሏቸው። ስለ ጓደኛቸው ያሰቡት ነገሩን ከብዙ ወገን አዩት፣ የማያውቁት ነገር ሊኖር እንደሚችል አመኑ፣ መስማሚያ ፈለጉ። ስለ ራሳቸው ያሰቡት ግን ይህን ያህል አልቻሉም። ተመራማሪዎቹ ክስተቱን በንጉሥ ሰሎሞን ስም ጠሩት፤ ለሌላው በመፍረድ የተመሰገነው ንጉሥ በራሱ ቤት ብዙ ስለተሳሳተ።

ያው ሰው፣ ያው አእምሮ ነው፤ የተለወጠው ርቀቱ ነው። ስለዚህ ጥበብ እንደ ቁመት ይዘነው የምንዞረው ነገር ብቻ አይደለም፤ በቆምንበት ቦታም ይወሰናል። ሽምግልና፣ በአፋን ኦሮሞ «ጃርሱማ»፣ የሚሠራው በከፊል ለዚህ ይመስላል፤ የተጣሉት ሊያዩት ያልቻሉትን፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ያየዋል። መልካሙ ዜና ደግሞ ጥናቱ መድኃኒቱንም ማሳየቱ ነው። ተሳታፊዎቹ የራሳቸውን ችግር እንደ ሌላ ሰው ሆነው ሲያዩት ልዩነቱ ጠፋ። በሚቀጥለው ስትናደዱ «ይህ የጓደኛዬ ችግር ቢሆን ምን እለው ነበር?» ብላችሁ ሞክሩት።

ቁጥሩ ዕጣ ፈንታ ነው?

አይደለም። ሦስት ማስረጃ እንይ።

አንደኛ፣ ትምህርት ራሱ የብልህነት ፈተናን ውጤት ያሳድጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ600,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ እያንዳንዱ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ከ1 እስከ 5 የአይኪው ነጥብ እንደሚጨምር ተገኘ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጠፋው ዓመት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ጄምስ ፍሊን እንዳሳየው የአሜሪካውያን አማካይ ውጤት እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ወደ 14 ነጥብ ገደማ ጨምሯል። ዘር በዚያ ፍጥነት አይለወጥም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው፦ ምግቡ፣ ጤናው፣ ትምህርቱ፣ የሚያስቡበት መንገድ።

ሦስተኛው ማስረጃ ያለው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ጨው። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ በእርግዝና ጊዜ ሲበረታ የጽንሱን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። በብዙ የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ይህ የቆየ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። አንድ ቁንጥር ማዕድን የጎደለበትን ልጅ «ደደብ» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ፈተናውና ማሽኑ

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ፈተናው ብልህነትን ይለካል ካልን፣ ከመቶ ወጣት 97 ያህሉ ብልህነት የላቸውም ልንል ነው። ይህን የሚያምን አለ? ፈተናው የሚለካው በዚያን ቀን፣ በዚያ ቋንቋ፣ ከዚያ መጽሐፍ ምን ያህል እንደተያዘ ነው። መጽሐፍ ያልደረሰው፣ በጸጥታ ችግር ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ፣ በወለጋም ሆነ በሌላ ቦታ፣ ውጤቱ ስለ መንገዱ ርዝመት ይናገራል እንጂ ስለ እግሩ ጥንካሬ አይደለም። ይህ ማለት ፈተና ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እውቀት ያስፈልጋል፤ ሐኪም የሚሆን ሰው ሰውነትን ማወቅ አለበት። ግን «እዚህ ላይ ገና አላወቅክም» እና «አትችልም» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሥራ ይሰጣል፤ ሁለተኛው በር ይዘጋል።

ማሽኖችም ይህን ክርክር አዲስ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1997 «ዲፕ ብሉ» የተባለው ኮምፒውተር የዓለም የቼዝ ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ። ብልሃት ካላችሁት፣ አለው። የዛሬዎቹ ደግሞ ድርሰት ይጽፋሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ከተጻፈው ብዙ ስለተማሩ የ«ቀለሜ» ነገር አላቸው። ግን ያልሆነውን ነገር በሙሉ ልብ ሲነግሯችሁም ታገኟቸዋላችሁ። «ቆይ እስቲ» የሚለው ፍሬን ገና የሚያጠራጥር ነው። የሚገርመው እኛ ከቃላቱ ሁሉ መርጠን የሰጠናቸው ስም «አስተውሎት» መሆኑ ነው! ስሙ ተስፋ ይሁን ወይም ሙገሳ፣ እናንተ ግን ስትጠቀሙባቸው ማስተዋሉን ለራሳችሁ አስቀሩት።

ወደ ሦስቱ የቡርቃ ጃቶ ልጆች ጥያቄ ከመጣን፣ መልሱ «ሦስቱም እኩል ናቸው» የሚል ማባበያ አይደለም። የመጀመሪያዋ እውቀት አላት፤ ሬዲዮ ላይ ግን ልትቸገር ትችላለች። ሁለተኛው ብልሃት አለው፤ የኤሌክትሪክን ትምህርት ቢጨምርበት የት ይደርስ ነበር! ሦስተኛዋ ማስተዋል አላት፤ የራሷ ጠብ ሲመጣ ግን እሷም ሰሎሞንን ትሆናለች። እያንዳንዳቸው ያላቸው ነገር ስም አለው፤ የጎደላቸውም ስም አለው። ስም ያለው ነገር ደግሞ ሊማሩት ይቻላል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሩ። ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን «ጎበዝ!» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «ይህን ብልሃት ከየት አመጣሽው?»፣ «ቆም ብለህ ማሰብህ ጥሩ ነው»፣ «ይህን ማወቅህ ጠቀመን» በሏቸው። ከአያታችሁ ጋር ስትቀመጡም «ገምና» የሚሉት ምን ዓይነቱን ሰው እንደሆነ ጠይቋቸውና ጻፉት። አስቴርም የጀመረችው እንዲሁ ከሰማቻቸው ቃላት ነው።